መልስ፦ ለመጨረሻ ዙር የሚሆን ከባድ ጥያቄ አወጣጥ

ሰላም መምህር፤ «ደብረ ብርሃን ላይ ለተማሪዎች ውድድር እንደ ቴሌቪዥኑ የመጨረሻ ዙር የሚያስጨንቅ ጥያቄ እንዴት ላውጣ?» ላሉት፦

ማንም ያልሰማውን ነገር አይፈልጉ፤ ያ የሚፈትነው ዕድልን ነው። ጥሩ ከባድ ጥያቄ አጠገቡ የሚያታልል መልስ አለው። «ዳግማዊ ምኒልክ የት ተወለዱ?» ሲባል ቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው አንኮበር ነው፤ ትክክሉ ግን አንጎለላ።

ዓመት ከጠየቁ የዘመን አቆጣጠሩን እዚያው ጥያቄው ውስጥ ይጥቀሱ። የምኒልክ ልደት በእኛ 1836፣ በአውሮፓውያኑ 1844 ነው። ልዩነቱ ግን ሁልጊዜ 8 አይደለም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7 ይሆናል። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት ኅዳር ላይ በመሆኑ 1834 እና 1841 ነው። እዚህ ላይ 8 የቀነሰ አዘጋጅ በትክክል የመለሰውን ልጅ ይጥላል፤ ይህ ደግሞ ትልቅ በደል ነው።

ሁለት መልስ ያለው ጥያቄም ዳኛውን ያስቸግራል። «በመንዝ ጓሳ የሚገኘው ብርቅዬ አጥቢ እንስሳ ማን ነው?» ቢሉ ጭላዳም ቀይ ቀበሮም ልክ ናቸው። «ሣር በጣቱ እየነጨ የሚበላው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ ያለው» ብለው ሲያጠቡት ጭላዳ ብቻ ይቀራል።

ከዚያ ለማይወዳደሩ 5 ሰዎች ያንብቡት። ሁሉም ከመለሱ ወደ መጀመሪያው ዙር ያውርዱት፤ ማንም ካልቀረበ ይጣሉት፤ አንድ ሁለት ሰው ከመለሰው ለመጨረሻው ያስቀምጡት። «ጭላዳ ዝንጀሮ» ላለ ነጥብ ይሰጥ እንደሆነም መልስ ካርዱ ላይ አስቀድመው ይጻፉ።