ካርት ለምትነዱ ልጆች፦ ስለ ነጩ መስመር

ልጆቼ፣ ረጅም ዘመን የካርት፣ ማለትም የትንሿ ክፍት የውድድር መኪና፣ ውድድር ዳኝቻለሁ። ፍጥነቱን አሠልጣኞቻችሁ ያስተምሯችኋል። እኔ የምለምናችሁ ነጩን መስመር እንድታከብሩ ነው።

ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ነጭ መስመር የሜዳው ድንበር ነው። አራቱም ጎማዎች መስመሩን አልፈው ከሄዱ ከሜዳ ወጥታችኋል። «ሁሉም ያደርገዋል እኮ» የሚል ልጅ አይጠፋም። ግን እስቲ ሒሳቡን አስሉት። ከኩርባ ስትወጡ መስመሩን አልፋችሁ ከሰፋችሁ ነዳጅ ቀደም ብላችሁ ትረግጣላችሁ፤ ቀጥታው ላይ ፍጥነት ይዛችሁ ትገባላችሁ። በዙር የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብታተርፉ በ20 ዙር 2 ሰከንድ ይሆናል። ይህን የሚከፍለው ከኋላችሁ መስመሩን ጠብቆ የሚነዳው ልጅ ነው።

ትልልቆቹም ይፈተናሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኦስትሪያው የፎርሙላ 1 ውድድር ዳኞቹ ከመስመር ወጥተዋል የሚሉ ከ1,200 በላይ ጥቆማዎችን መመልከት ግድ ሆነባቸው። ዋንጫው ተሰጥቶ ካለቀ ከሰዓታት በኋላ 8 ሹፌሮች ተቀጡ፤ ውጤቱም ተቀየረ። በዓመቱ አዘጋጆቹ መጨረሻ ያሉት ኩርባዎች ዳር ጠጠር አፈሰሱ። ጠጠር ሲኖር ሁሉም ጨዋ ነው። እኔ ግን ጠጠር በሌለበት ኩርባ ላይ ነው ሹፌር የምለየው።

አሁን ወደ ባሰው ልምጣ፤ መነካካት። ካርት ቀበቶ የለውም። ሞላም የለውም፤ ሻንሲው ራሱ ነው የሚተጣጠፈው። ጎማዎቹ ደግሞ ክፍት ናቸው። የፊት ጎማችሁ የሌላውን የኋላ ጎማ ከነካ፣ የሚሽከረከረው ጎማ ያነሳችኋል። ካርት እንዲህ ሲነሳ አይቻለሁ፤ ማንም ልጅ ላይ እንዲደርስ አልመኝም። ስለዚህ ኩርባው ከመድረሱ በፊት ጎን ለጎን ካልደረሳችሁ ቦታው የእናንተ አይደለም። ጎን ከደረሳችሁ ደግሞ ያኛው የአንድ ካርት ስፋት ሊተውላችሁ ይገባል። ቦታችሁን ስትከላከሉም አንዴ ብቻ ነው የምትዞሩት፤ ግራ ቀኝ እየተወዛወዙ መዝጋት የለም።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ውድድር የፊት ፓራውልት ሲገጭ ከቦታው እንዲለቅ ተደርጎ ይገጠማል። ለቆ ከተገኘ የ5 ሰከንድ ቅጣት አለ። ሌላው በድንገት ፍሬን ይዞበት ያለ ጥፋቱ የሚቀጣ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ፤ ያናድዳል። ቢሆንም ደንቡን እደግፈዋለሁ። እየገፋ የሚያልፍ ልጅ በእሱ የተነሳ ቀንሷል።

ንዴታችሁንም ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጣሊያን ሎናቶ በተደረገው የካርት የዓለም ሻምፒዮና ሉካ ኮርቤሪ የተባለ ሹፌር ከውድድር ከወጣ በኋላ ፓራውልት አንስቶ በሚያልፍ ተወዳዳሪ ላይ ወረወረ። ውድድሩ ሲያልቅም ድብድብ ተነሳ። 15 ዓመት ታገደ። በሰከንዶች ንዴት የተነሳ ስንት የልምምድ ዓመት እንደሄደ አስቡት።

ቅዳሜ ልምምድ ስትገቡ ይህን ሞክሩ። ከመስመር ወጥታችሁ ሰው ካለፋችሁ ዳኛ እስኪነግራችሁ አትጠብቁ፤ ከቀጣዩ ኩርባ በፊት ቦታውን መልሱ። ፍጥነት ቀንሳችሁ ወደ ፒት (ካርቱ ወደሚቆምበትና ወደሚጠገንበት ቦታ) ስትገቡም እጃችሁን ከፍ አድርጉ፣ ከኋላ ያለው ልጅ በጊዜ እንዲያያችሁ።