ከጦስኝ የሚለየው ፀረ-ኦክሲዳንት ኮለም ላይ ለምን ይጠፋል?

እህታችን፣ የጦስኝ ቅጠል የሜታኖል ጭምቅ የዲፒፒኤችን (የፀረ-ኦክሲዳንት ኃይል መለኪያ የሆነ ነፃ ራዲካል፣ ማለትም ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ያለው ሞለኪውል) ሐምራዊ ቀለም ፈጥኖ ወደ ቢጫ ሲለውጥ፣ በሲሊካ ጄል ኮለም (ውህዶችን ለመለየት በሲሊካ በተሞላ ቱቦ) ከለዩት በኋላ ግን አንዱም ፍራክሽን (ተለይቶ የወረደ ክፍል) ያን ያህል ኃይል ያላሳየበትን ምክንያት ጠይቀዋል። እኔም በሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ሦስት ወር የፈጀብኝ ይኸው ችግር ስለነበር፣ የሄድኩበትን መንገድ በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

በእንዲህ ዓይነቱ ጭምቅ ውስጥ ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ ሮዝማሪኒክ አሲድ ነው። ውህዱ ሁለት የቤንዚን ቀለበቶች አሉት፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ሁለት የሃይድሮክሲል ቡድኖች ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ለነፃ ራዲካል ሃይድሮጅን በቀላሉ ይሰጣል፤ ሆኖም እነዚሁ ቡድኖች ከካርቦክሲሉ (ከአሲድ ቡድኑ) ጋር ሆነው ሲሊካው ላይ አጣብቀው ያስቀሩታል። በሄክሴንና በኢቲል አሲቴት ድብልቅ ቀድመው የሚወርዱት የጦስኝ ዘይት ውህዶች ታይሞልና ካርቫክሮል በዲፒፒኤች ሲለኩ ከእርሱ ይደክማሉ፤ በዚያ ላይ ተናኝ በመሆናቸው ፍራክሽኑ ሲደርቅ ከፊላቸው ይጠፋል። ስለዚህ የእርስዎ ውህድ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ከኮለሙ ሳይወርድ ቀርቶ ይመስለኛል።

እኔ በመጨረሻ የተሳካልኝ በጥላ የደረቀውን ቅጠል ፈጭቼ ቅባቱን በሄክሴን ካጠብኩ በኋላ በ80 በመቶ ሜታኖል ዘፍዝፌ፣ ሜታኖሉን ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት አትንኜ፣ የቀረውን ውኃ በጥቂት ፎርሚክ አሲድ ወደ ፒኤች 3 ዝቅ በማድረግ በኢቲል አሲቴት ደጋግሜ ስለይ ነው። አሲዱን ችላ አይበሉት፤ ካርቦክሲሉ ኤሌክትሪክ ሙል ከያዘ ውህዱ ውኃው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በሲሊካ ፈንታ ሴፋዴክስ ኤልኤች-20 የተባለ የኮለም መሙያ ጄል በሜታኖል ተጠቀምኩ። ፍራክሽኖቹን በቀጭን ንብር ሰሌዳ ላይ አንጠባጥበው ዲፒፒኤች ቢረጩበት፣ ሐምራዊው መደብ ላይ ቢጫ ሆኖ የሚወጣው ነጠብጣብ የሚፈልጉትን ያሳይዎታል።

በኤንኤምአር (የሞለኪውልን አወቃቀር በማግኔት በሚያሳይ መሣሪያ) 7.5 እና 6.3 ፒፒኤም አካባቢ እያንዳንዳቸው በ16 ሄርዝ ለሁለት የተሰነጠቁ ምልክቶች ካገኙ፣ ሞለኪውላዊ ክብደቱም 360 ከሆነ፣ ሮዝማሪኒክ አሲድ መሆኑን በእጅጉ ያጠናክራል። ውህዱ በ1958 እ.ኤ.አ. ከሮዝመሪ ተለይቶ የታወቀ ስለሆነ ግን እንደ አዲስ ግኝት አያቅርቡት።

አንድ ነገር አደራ፤ በአገራችን የሚበቅሉት ሁለቱ የጦስኝ ዝርያዎች ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኙ ናቸውና ሲሰበስቡ ከነሥሩ አይንቀሉት፤ ጫፉን በመቀስ ይቁረጡ። የትኛው ዝርያ እንደሆነም ናሙናውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) አቅርበው ያስለዩ።