ኤችፒቪ ተገኘብኝ፤ ለባለቤቴ ምን ብዬ ልንገረው?

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ትዳር ከያዝኩ 15 ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በሞያሌ መስመር ስለሚሠራ ቤት የሚያድርባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ከሁለት ወር በፊት ጎረቤቴ ጎትጉታኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ የማህፀን በር ምርመራ አደረግኩ። የማህፀን በር ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ አለብሽ ተባልኩ። አሴቲክ አሲድ በሚባል ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብተው ሲያዩት ግን ምንም የተለየ ነገር አላገኙም፤ በዓመቱ ተመለሺ አሉኝ። ወረቀቱን ከዱቄት ባልዲው ሥር ደብቄዋለሁ። ፎጣዬንና ብርጭቆዬን ለይቻለሁ። ባለቤቴ ሲመጣ «አሞኛል» እያልኩ ከልጄ ጋር እተኛለሁ። አንዳንዴ እሱ ነው ከመንገድ ያመጣብኝ እላለሁ። ተኝቶ ሳለ ስልኩን በረበርኩ፤ ምንም አላገኘሁም። አንዳንዴ ደግሞ ከትዳር በፊት የነበረኝን ጓደኛ እያስታወስኩ ራሴን እረግማለሁ። ሰውነቴን ተጸየፍኩት። ልንገረው? እሱንስ እንዴት ልጠብቀው?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ «እንዴት ልጠብቀው» ብለሽ ነው። እንቅልፍ የነሳሽ ግን «ማን አመጣው» የሚለው ይመስለኛል። ሁለት ወር ሙሉ ቤትሽ ውስጥ ችሎት ተሰይሟል፤ አንድ ቀን እሱ ተከሳሽ፣ በማግስቱ አንቺ።

እኔ የማህፀን ሐኪም አይደለሁም። ይህ ካልጠራ ግን ስለ ትዳራችሁ ማውራት ስለማንችል የሚታወቀውን ልንገርሽ። ኤችፒቪ የገባበትን ቀን አይናገርም። ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ፣ በምርመራም ሳይገኝ ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ተገኘ ማለት ባለፈው ወር ገባ ማለት አይደለም። ከድሮው ጓደኛሽ ሊሆን ይችላል። ባለቤትሽ ከአንቺ በፊት ከሚያውቃት ሴት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለይ ምርመራ የለም። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያደረገ ሰው አብዛኛው በዕድሜው አንድ ጊዜ ይይዘዋል፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቅም ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ቫይረሱን ለምስክርነት አትጥሪው።

የሞያሌው መንገድ የሚያሳስብሽ ከሆነ ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የምትጠረጥሪበት ነገር ካለሽ ስለ እሱ ነገር በቀጥታ ጠይቂው። ከሌለሽ ደግሞ ስልክ መበርበሩን ተዪው፤ ምንም ባለማግኘትሽም አላረፍሽም።

አሁን ወደ ብርጭቆው። ብርጭቆሽን የለየሽው ለእሱ ብለሽ ይመስልሻል። እኔ ሳነበው ራስሽን እየቀጣሽ ነው የመሰለኝ። ይህ ቫይረስ በዋናነት የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ ነው። በብርጭቆ አይተላለፍም። በአንድ ትሪ በመብላት አይተላለፍም። «ተጸየፍኩት» ያልሽው ሰውነት ደግሞ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ከ10 ሰው የዘጠኙ ሰውነት በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ቫይረሱን ራሱ ያጠፋዋል። አሳሳቢው ሳይጠፋ የሚቆየው ነው። ከ200 በላይ ዓይነት አለው፤ ከእነዚያ ውስጥ 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ከማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ለሚሆነው ምክንያት ናቸው። እዚያ ለመድረስ ግን በጤነኛ ሴት ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ቀጠሮሽን አክብረሽ ከሄድሽ፣ የሚለወጥ ነገር ካለ ካንሰር ሳይሆን ይታከማል። ኤችአይቪ ያለባት ሴት ላይ ግን በጣም ይፈጥናል። የኤችአይቪ ምርመራ በቅርቡ ካላደረጋችሁ ሁለታችሁም አድርጉ። ሲጋራ ካለም እሱ ይቅር፤ ሲጋራ ሰውነት ቫይረሱን የማጥፋት አቅሙን ያዳክማል።

እሱን ስለመጠበቅ እውነቱን ልንገርሽ። 15 ዓመት አብራችሁ ተኝታችኋል፤ አንቺ ያለብሽ ቫይረስ እሱን ነክቶት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ለወንዶች በመደበኛነት የሚሰጥ የኤችፒቪ ምርመራ የለም። ብልቱ አካባቢ ኪንታሮት ወይም የማይድን ቁስል ካየ ይታይ። ኮንዶም ስርጭቱን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፤ የማይሸፍነው ቆዳ አለና። በትዳር ውስጥ ያለ አንድ ቃል ኮንዶም ብታወጪ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ትጠሪያለሽ። ተነጋግራችሁ ከተስማማችሁ ተጠቀሙ፤ ካልተስማማችሁም አንድ አልጋ ላይ መተኛት ወንጀል አይደለም። ወደፊት ሕክምና ከተደረገልሽ ግን ቁስሉ እስኪድን ወር ያህል ከግንኙነት ታቀቢ ትባያለሽ። ያን ጊዜ ምክንያቱን ማወቁ ይጠቅማችኋል።

ስለዚህ አዎ፣ ንገሪው። ከሞያሌ ደክሞ በገባበት ሌሊት ግን አይሁን። እንቅልፉን ይጥገብ፤ በማግስቱ አመሻሽ ላይ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወጣ በሉ። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ተፋጦ ከማውራት ይቀላል። «ቁጭ በል፣ የምነግርህ ነገር አለ» ብለሽ እንዳትጀምሪ፤ ይሄ አባባል ያስደነግጣል። ስሙም ራሱ ያሳስታል። «ኤች» ስትዪ እሱ «ኤችአይቪ» ብሎ ሊጨርሰው ይችላል። እንዲህ ጀምሪለት፦ «የማህፀን በር ምርመራ አድርጌ ነበር። ካንሰር የለብኝም። ኤችአይቪም አይደለም። ኤችፒቪ የሚባል በጣም የተለመደ ቫይረስ ተገኘ። ፈርቼ ነው ከአንተ የራቅኩት።» የመጨረሻዋን አትዝለያት። ሁለት ወር ሙሉ ለምን እንደራቅሽው ሳያውቅ የቆየው እሱ ነው፤ ምናልባት እሱም የራሱን ጥርጣሬ ይዞ ይሆናል።

«ከማን አመጣሽው?» ሊልሽ ይችላል። አትከላከዪ፣ አትክሰሺም። «እኔም ይህንኑ ስጠይቅ ነው የከረምኩት፤ ማንም ሊያውቀው አይችልም» በይው። ካላመነሽ ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂ፤ ሲስተሯ ትንገረው። ሚስት ስትናገር የማይገባው ነገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲናገረው ወዲያው የሚገባው ወንድ ስንት አለ! በቁጣ እጁን የሚያነሳ ሰው ከሆነ ግን ሐይቁ ዳር ብቻችሁን ሆናችሁ አይሁን፤ መጀመሪያውኑ ባለሙያዋ ባለችበት ይስማ።

ሴት ልጅሽ ዕድሜዋ ከ9 እስከ 14 ዓመት ከሆነ መከተቧን አረጋግጪ። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት የዚሁ ቫይረስ ነው። «መካን ያደርጋል» የሚሉሽን አትስሚ፤ ሐሰት ነው። አንቺን አሁን ካለብሽ ቫይረስ አያድንሽም፤ ለእሷ ግን ገና ሳይነካት የሚሰጥ ነው። ለባለቤትሽም በዚህ በኩል ብትጀምሪለት ሊቀልሽ ይችላል።

ወረቀቱን እሱ እስኪመጣ ካለበት ብታቆዪው ግድ የለም። ፎጣውንና ብርጭቆውን ግን ዛሬውኑ ወደ ቦታቸው መልሺ።