ባልሽ ሰንፎ አይደለም፣ ሲፓፑን ሳትመልሱ ይቺን አንብቢ

እህቴ፣ «ባለቤቴ ሌሊት ፓርኪንግ ይሰራል፣ ሲፓፑን (ተኝቶ ትንፋሹ ለሚቋረጥ ሰው በማስክ አየር የሚገፋውን ማሽን) በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ነው የሚያደርገው፣ ኢንሹራንሱ ካልተጠቀመበት ይመለስ ብሏል፣ ስንፍና ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ የመጀመሪያ ማሽኔን በዚሁ ምክንያት ስለወሰዱብኝ ልመልስልሽ።

ያኔ እዚህ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ቤዝመንት ውስጥ ለሦስት ተጋርተን ነበር የምንኖረው። ማስኩ በጎን ሲያስተነፍስ ሽሽሽ ይላል፣ አጠገቤ የሚተኛው ልጅ ደግሞ ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ለስራ የሚነሳ ነው፣ እሱን እንዳልቀሰቅሰው እያልኩ አውልቄ ትራስ ስር እወትፈው ነበር። ማሽኑ ውስጥ የሚሞላው ዲስትልድ (የተጣራ) ውሃ ሲያልቅብኝ የቧንቧ ሞላሁበት፣ ታንኩ ውስጥ ነጭ ነገር ጋገረ። ሐኪሙ ለምን አትጠቀምም አለኝ እንጂ ስንት ሆናችሁ ነው የምትተኙት ያለኝ ሰው የለም። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። በኋላ መብራት ላይ ቆሜ መሪ እንደያዝኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄዶ ከኋላ በክላክስ ነው የቀሰቀሱኝ።

አሁን ዋናው ነገር። ሜዲኬርም (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና ኢንሹራንስ) ብዙ ኢንሹራንሶችም የሚያዩት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ተከታታይ 30 ቀን ተቆጥሮ ከዚያ 70 ከመቶው፣ ማለትም 21 ቀን፣ ቢያንስ 4 4 ሰዓት መጠቀሙን ነው፣ ማሽኑ ራሱ በሞደም ይልከዋል። ግን 4ቱ ሰዓት በአንዴ መሆን የለበትም! በዚያው 24 ሰዓት የተቆራረጠው ይደመራል። እኔ በሁለቱ ስራዎች መሃል ሶፋ ላይ ሁለት ሰዓት እተኛ ነበር ያለ ማስክ፣ ብቻ ሌሊት የሚቆጠር መስሎኝ፣ ስንት ሰዓት አቃጠልኩ መሰለሽ። ስለዚህ ቀን ጋደም ሲልም ያድርገው።

ደግሞ ቀኑ ሳያልፍ ማሽኑን ለሰጣችሁ ቦታ ደውይና ማስኩ አልተስማማውም፣ ቀይሩለት በያቸው፣ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ወር ያለ ክፍያ ይቀይራሉ። ሆስፒታል ስትሄዱ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነጻ ነው፣ የሌሊት ሺፍት መሆኑንም ፋይሉ ላይ ያስጽፍ። የማሽኑ ኪራይ ቢል ጥር ላይ ዘሎ ከመጣባችሁ ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር በየዓመቱ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት) እንደ አዲስ ስለጀመረ ነው፣ በወር በወር እንድትከፍሉ ጠይቂ እንጂ ተናደሽ ማሽኑን እንዳትመልሺው፣ እኔ አድርጌዋለሁ 😅

ከተቀበለ ስንት ቀን ሆነው? ማስኩስ የአፍንጫ ብቻ ነው ወይስ አፍም የሚሸፍነው?