ሊብሬው በስምዎ ዞሯል፤ አፑስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የምኖር መምህር ነኝ። በቅርቡ ከቻይና የመጣች ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባ ገዛሁ። ሻጩ መኪናዋን በስልክ ለመክፈትና ያለችበትን ለማየት የሚያገለግለውን አፕ ስልኬ ላይ ጭኖ በራሱ አካውንት አስገባልኝ። መኪናዋን ይዤ ስመጣ ባለቤቴ ቤት ሆና የት እንደደረስኩ በዚሁ አካውንት በራሷ ስልክ ትከታተል ነበር። ጎሐ ጽዮን ስደርስ ካርታው ቀጥ ብሎ ቀረ። ዓባይ በረሃን ወጥቼ ደጀን ስገባ ነው እንደገና የታየሁት። ለመሆኑ ስልኩና መኪናዋ የሚገናኙት በብሉቱዝ ነው በሳተላይት? ሻጩስ አሁንም መኪናዬን መክፈት ይችላል?

መልስ፦ ካሳሰበዎት ልጀምር። አዎ፣ ይችላል። ዛሬውኑ ይደውሉለት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከሩቅ ሲሆን ስልክዎና መኪናዎ በቀጥታ አይገናኙም። «ክፈት» የሚለውን ሲነኩ ትእዛዙ በኢንተርኔት ወደ አምራቹ ሰርቨር፣ ማለትም ወደ ማዕከላዊ ኮምፒዩተሩ ይሄዳል። እዚያ ትእዛዙ ከየትኛው አካውንት እንደመጣና መኪናዋ በዚያ አካውንት መመዝገቧ ይጣራል። ካለፈ በሞባይል ኔትወርክ አድርጎ መኪናዋ ጋ ይደርሳል። መኪናዋ የራሷ ሲም አላት። አብዛኛውን ጊዜ እንደ ስልክ ሲም የሚወጣ የሚገባ አይደለም፤ መኪናዋን ከኔትወርክ ጋር በሚያገናኘው ቴሌማቲክስ በሚባለው ሳጥን ውስጥ የተበየደ ቺፕ ነው። ሳጥኑ ትእዛዙን ካን ለሚባለው የውስጥ መስመር ያስተላልፋል። ካን ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1986 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። የበሩም የመብራቱም ኮምፒዩተር በሁለት የተጠማዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የሚነጋገሩት በእሱ ነው።

እኔ ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው። ይህን አፕ ስሞክር መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማዳመጥ እወዳለሁ። ስልኩ ላይ ክቧ ትሽከረከራለች፤ መኪናዋ ግን ጭጭ። ትንሽ ቆይቶ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) «ጠቅ» ይላል፤ ስክሪኑ ይበራል፤ ከዚያ የበሩ ቁልፍ ይነሳል። የሚዘገየው ስለተበላሸ አይደለም። የቆመች መኪና 12 ቮልቱን ባትሪ እንዳትጨርስ አብዛኛውን ዕቃዋን አጥፍታ ትተኛለች። ስለዚህ ሰርቨሩ መጀመሪያ እንደ ኤስኤምኤስ ያለ አጭር መቀስቀሻ ይልካል፤ ትእዛዙ የሚደርሰው ከነቃች በኋላ ነው።

ወደ ዓባይ በረሃ እንምጣ። ጂፒኤስ የሳተላይት ምልክት ይቀበላል እንጂ መልእክት አይልክም። መኪናዎ በረሃው ውስጥም የት እንዳለች ታውቅ ነበር፤ የምትናገርበት ኔትወርክ ግን አላገኘችም። ባለቤትዎ ያዩት ሰርቨሩ ጋ መጨረሻ የደረሰውን ቦታ ነው። ብሉቱዝ ሌላ ነገር ነው። እሱ በቅርብ ርቀት ከስልክ ወደ መኪና በቀጥታ ነው፤ ኔትወርክ አይፈልግም። አፕዎ የብሉቱዝ ቁልፍ ካለው በረሃው መሐልም ይከፍታል። ከሌለው ደግሞ ዋናውን ቁልፍ ቤት ትተው እንዳይወጡ አደራ።

በነገራችን ላይ፣ የእርስዎ አፕ መሥራቱ ራሱ ጥሩ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ሲማቸው ለዚያው አገር ኔትወርክ ስለሆነ፣ እዚህ ሲመጡ አፑ ጭራሽ እምቢ የሚላቸው ብዙ ናቸው።

አሁን ሻጩ። መንገድ ትራንስፖርት ሄደው ሊብሬውን በስምዎ ቢያዞሩም ሰርቨሩ ይህን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው አካውንቱን ነው። አካውንቱ የሻጩ እስከሆነ ድረስ መኪናዋ የት እንዳደረች ያያል፣ በሯን ይከፍታል፤ በአንዳንዷ መኪና ላይማ ማስነሳትም ይቻላል። ሰውየው ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ስልኩን ቢሸጠውስ? ልጁ ቢነካካውስ? ብዙ ሰው የመኪናዋን ስክሪን «ሪሴት» ካደረገ የተገላገለ ይመስለዋል። የባለቤቱ ስም ያለው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ያ ብቻውን አይበቃም። ሻጩ በራሱ ስልክ መኪናዋን ከአካውንቱ ያስወጣት፤ እርስዎ ደግሞ በራስዎ ስልክ ቁጥርና በራስዎ ፓስወርድ ያስመዝግቧት። ከዚያ ሻጩ በስልኩ እንዲሞክር ያድርጉና እምቢ ሲለው በዓይንዎ ይዩ። አልተባበርም ካለ አምራቹን ወይም ወኪሉን ሊብሬውንና የሽያጭ ውሉን ይዘው ይጠይቁ። ሁሉም ካልሆነ ባለሙያ ሳጥኑን ሊነቅለው ይችላል፤ ያኔ ግን አፑን ያጣሉ፤ በኢንተርኔት የሚመጣው የሶፍትዌር እድሳትም ሊቀር ይችላል። ፊውዝ በግምት እየነቀሉ እንዳይሞክሩት።

ሌላም አለ። የሊብሬ ፎቶ ከነሻንሲ ቁጥሩ ቴሌግራም ላይ የምትለጥፉ ሻጮች፣ እባካችሁ ተዉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የኒሳን ሊፍ አፕ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ለያዘ ሰው የሌላውን መኪና ማቀዝቀዣ እንደሚያስነሳ ተደረሰበት፤ ኒሳንም አፑን ለጊዜው ዘጋው። ፓስወርድ እንኳ አይጠይቅም ነበር።

ጥያቄ፦ ስልኬ ቢሰረቅ ሌባው መኪናዬን ይወስዳታል? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ስልክዎ ካልተቆለፈ ያሰጋል። ስክሪኑን ይቆልፉ፤ አፑም የራሱ ፒን ካለው ያብሩት። ከተሰረቀ ቶሎ ብለው በሌላ ስልክ ወደ አካውንትዎ ይግቡና ፓስወርዱን ይቀይሩ፤ የተሰረቀውንም ስልክ ከዝርዝሩ ያስወጡ። ሲሙንም በቴሌ ያዘጉ። አካውንቱ በስልክ ቁጥር የሚከፈት ከሆነ የማረጋገጫው ኮድ የሚደርሰው ለሌባው ነውና፣ ሲሙን ማዘጋቱ ይቅደም።