ጫማው ነው ወይስ እግሬ?

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ የቅርጫት ኳስ ጫማ ላይ ናቸው። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ የቀሩትን ቶሎ ቶሎ እናያቸዋለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ፖይንት ጋርድ ነኝ፤ ኳስ ይዤ ጨዋታውን የማቀናጀው እኔ ነኝ። በቅርቡ ብዙ የተወራለት ጫማ ገዛሁ። የቡድናችን ልጆች በሙሉ ያደንቁታል። እኔን ግን ያንሸራትተኛል። በፍጥነት መጥቼ ቀጥ ልል ስል እግሬ ትንሽ ይቀጥላል። ይኼንኑ ጫማ የሚያደርግ ጓደኛዬ ደግሞ «እኔን ምንም አላለኝም» ይላል። ችግሩ ጫማው ነው ወይስ እኔ ነኝ? ለመሆኑ ጫማ ሜዳ ላይ ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ። የሚንሸራተተው ምኑ ነው? ጫማው መሬቱ ላይ ነው ወይስ እግርህ ጫማው ውስጥ?

ቀልድ እንዳይመስልህ። ሜዳ ላይ ሆነህ ሁለቱን መለየት ከባድ ነው። ሁለቱም «ልቆም ስል አልቆምኩም» የሚል ስሜት ነው የሚሰጡህ። መድኃኒታቸው ግን አይገናኝም። እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ዓመት ሶሉን ስረግም ከርሜ በመጨረሻ ጫማው ግማሽ ቁጥር ሰፍቶኝ እንደነበር ነው የገባኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

እንዴት ትለያለህ? ከጨዋታ በኋላ ጣቶችህን እይ። አውራ ጣትህ ጫፉ ላይ ቀልቶ ከሆነ፣ ጥፍርህ ሥር ከጠቆረ ወይም ውስጥ እግርህ ውሃ ከቋጠረ እግርህ ውስጥ ለውስጥ እየተጓዘ ነው። ጫማው መሬቱን ይዞልሃል፣ አንተን ግን አልያዘህም። እንዲህ ከሆነ ወፈር ያለ ካልሲ ሞክር። ማሰሪያውን ከታች ጀምረህ በየቀዳዳው እየሳብክ እሰረው፤ ብዙ ሰው የላይኛውን ብቻ አጥብቆ አስሮ የታችኛውን ልል አድርጎ ይተወዋል። የመጨረሻዋን ቀዳዳ የማይጠቀም ሰውም ብዙ ነው። ተረከዝ የሚይዘው እሷ ስትታሰር ነው። ይኼን ሁሉ አድርገህ ተረከዝህ አሁንም ከፍ ዝቅ ካለ ቁጥሩ ወይም ቅርጹ ያንተ አይደለም ማለት ነው።

እግርህ ውስጥ ካልተንቀሳቀሰ ወደ ሶሉ እንሂድ። ሶሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥርግ አድርገህ፣ አድርቀህ፣ አምስት ደቂቃ ተጫወት። ቀጥ አድርጎ ያዘህና ቆይቶ እንደገና መንሸራተት ጀመረ? ጥፋቱ የአቧራ ነው። ተጫዋቾች በየመሀሉ ሶላቸውን በመዳፋቸው ሲጠርጉ አይተሃል፤ አመል አይደለም። ትልልቅ ቡድኖች ሜዳው ዳር የሚያጣብቅ ወረቀት አስቀምጠው የሚረግጡትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ይይዛል ወይ?» ብቻ አይደለም። ንጹሕ ፓርኬ ላይ የማይዝ ጫማ ጥቂት ነው። ዋናው ነገር አቧራ ሲኖር ምን ያህል ደቂቃ ይቆያል የሚለው ነው። የሶሉን ቅርጽ ገልብጠህ እይ። መስመሮቹ ጥልቅና ሰፋ ያሉ ከሆኑ አቧራው የሚገባበት ቦታ ያገኛል። ጠባብና ጥልቀት የሌላቸው ከሆኑ ቶሎ ይደፈናሉ። የዓሣ አጥንት የሚመስለው ዚግዛግ ለብዙ ዓመታት የቆየው በአጋጣሚ አይደለም፤ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ስትቆም የሚነክስ ጠርዝ አለው። ብርሃን የሚያሳልፈው ጎማ ለፎቶ ያምራል፣ ብዙ ተጫዋቾች ግን አቧራ ይወዳል ብለው ያሙታል፤ እኔም ከሚያሙት ነኝ። ደግሞ ጫማው ገና አዲስ ከሆነ ለጥቂት ልምምድ ታገሠው፤ የአንዳንድ ሶል የላይኛው ገጽ ትንሽ እስኪላላጥ ድረስ አይነክስም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሁላችንም ሶሉ ላይ ጎማ ከሌለ መሬት አይዝም ብለን ነበር የምናስበው። በፈረንጆቹ 2020 ላይ የኤንቢኤው ተጫዋች የስቴፈን ከሪ ጫማ፣ ከሪ ፍሎው 8፣ ከታች ምንም ጎማ ሳይኖረው መጣ። መሬት የሚነካው ፎሙ፣ ማለትም እግር ሥር ያለው ስፖንጅ ራሱ ነው። በአያያዙም ተመሰገነ። ስለዚህ ከምን እንደተሠራ በማንበብ ብቻ ፍርድ አትስጥ።

አሁን ስለ ጓደኛህ። እሱን ምንም ያላለው ጫማ አንተን ቢያስቸግርህ አትገረም። ስንት ኪሎ ነው? አንተስ? 60 ኪሎ ሰው ሲያርፍበት ድንጋይ የሚሆን ፎም 90 ኪሎ ሰው ሥር ልክ ይመጣል። የተገላቢጦሹም አለ። ለቀላል ሰው ልስልስ ያለ ፎም ከባዱ ሰው ሲያርፍበት እስከ ታች ይሰምጥና ምንም እንደሌለው ይሆናል። አጨዋወትም አለ። ከቅርጫቱ ሥር ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ) የሚለቅም ሰው ሲወርድ የሚያሳርፈውን ይፈልጋል። አንተ ደግሞ ጋርድ ነህ፤ መሬቱ እንዲሰማህና እንደረገጥክ ወዲያው እንድትነሣ ትፈልጋለህ። ወፍራም ስፖንጅ ላይ ቆሞ አቅጣጫ መቀየር ፍራሽ ላይ እንደመሮጥ ነው፤ ምቾቱ አለ፣ ፍጥነቱ የለም።

ከሁሉም የሚረሳው የጎን ጉዳይ ነው። ወደ ፊት መቆም ጥሩ፤ ወደ ጎን ሰንጥቀህ ስትወጣስ እግርህ ሶሉ ላይ ይቀራል ወይስ ዳሩን አልፎ ይወጣል? የካቲት 2019 በፈረንጆቹ፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዱክና ኖርዝ ካሮላይና ሲጫወቱ፣ የዱኩ ዛየን ዊሊያምሰን አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የግራ ጫማው ተሰንጥቆ እግሩ በሙሉ ወጣ፤ ጉልበቱም ተጎዳ። ልጁ ያኔ 129 ኪሎ ገደማ ነበር፣ ፍጥነቱም የጉድ ነበር፤ እኔና አንተ ያን ያህል ኃይል የለንም። ግን ኃይሉ የት እንደሚያርፍ ያሳያል። የሶሉ ዳር ከፊት በውጪ በኩል ወጣ ብሎ ሰፋ ማለቱን፣ የጎኑ ግድግዳ እግርህን አቅፎ መያዙን እይ። መሀሉን በሁለት እጅህ እንደ ልብስ ጠምዝዘው። እንደ ጨርቅ ከተጠመዘዘ አልወደውም። ጣቶችህ ጋ ይታጠፍ፣ መሀሉ ላይ ግን ጠንከር ይበል።

ፍርዱን መቼ ትሰጣለህ? ሱቅ ውስጥ አይደለም። እዚያ ሁሉም ጫማ ደመና ነው። አመሻሽ ላይ፣ እግርህ ትንሽ ሲያብጥ፣ በምትጫወትበት ካልሲ ለካው። ከዚያ ሜዳ ላይ የዲፌንስ ስላይድ (ስትከላከል ዝቅ ብለህ ወደ ጎን የምትሄደው)፣ ሮጦ ቀጥ ማለት፣ ወደ ኋላ መሮጥ፣ ዘሎ በአንድ እግር ማረፍ፤ ይኼን ስትጀምርና ሲደክምህ ድገመው። ስትደክም እግርህን እንደ ፈለግክ አታዝዘውም፣ ያኔ የጫማው ጉድ ይወጣል። ቀስ ላለ ልምምድ አንዳንዴ በአንድ እግሬ አሮጌውን፣ በአንዱ አዲሱን አደርጋለሁ። ሰው ይስቃል፣ ልዩነቱ ግን በደቂቃ ውስጥ ይታወቅሃል። ጨዋታ ላይ እንዳታደርገው ብቻ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ14 ዓመት ልጄ ቁርጭምጭሚቷ ሁለት ጊዜ ዞረባት። አንገቱ ረጅም የሆነ ጫማ ብገዛላት ይከላከልላታል?

መልስ፦ እናት፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ ግን ብዙ ተስፋ አይጣሉበት። በፈረንጆቹ 1993 ላይ 622 የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾችን ረጅምና አጭር ጫማ አድርገው ያነጻጸሩ ሐኪሞች በቁርጭምጭሚት ጉዳት በኩል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። የኤንቢኤ ኮከብ የነበረው ኮቢ ብራያንትም በፈረንጆቹ 2008 ላይ፣ እግር ኳስ ተጫዋቾች በአጭር ጫማ እንዴት እንደሚታጠፉ አይቶ፣ አጭር ጫማ እንዲሠራለት ጠየቀ። ከዚያ በኋላ አጭሩ ተለመደ። ለልጅዎ ይበልጥ የሚያሰጋው ቁርጭምጭሚቱ ከዚህ በፊት መዞሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስት ይያት። በአንድ እግር የመቆም የሚዛን ልምምድ ታድርግ። ስትጫወት የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ብታደርግ ከጫማው አንገት ይልቅ ይጠቅማታል። ጫማውን ሲመርጡ ተረከዟን አጥብቆ የሚይዝ፣ ከታች ሰፋ ያለ፣ ሶሉም በጣም ያልወፈረ ይሁን። «ታድግበታለች» ብለው ሰፊ እንዳይገዙላት አደራ።

ጥያቄ፦ እኔ የምጫወተው ውጪ አስፋልት ላይ ነው። ጫማ ቶሎ ያልቅብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፓርኬ ላይ የሚያስመሰግነው ለስላሳ ጎማ አስፋልት ላይ እንደ ላጲስ ነው የሚያልቀው። ያንቺ ጫማ ጠንከር ያለ ጎማ፣ ወፍራምና ጥልቅ መስመር ይኑረው። ጥፍርሽን ጫን ስታደርጊበት ቶሎ የሚሰረጎድ ከሆነ ተይው። ፎሙ ያለ ጎማ መሬት የሚነካውንማ አታስቢው። አልፎ አልፎ ቤት ውስጥ ሜዳ የምትጫወቺ ከሆነም ለዚያ ሌላ ጫማ ለዪ፤ አስፋልት የላጠው ሶል ፓርኬ ላይ በረዶ ይሆንብሻል።

ጥያቄ፦ ጫማዬ ማለቁን በምን አውቃለሁ? ላዩ አሁንም አዲስ ይመስላል።

መልስ፦ ላዩን ተወው። የእግር ጣቶች ሥር፣ በተለይ ስትዞር የምትሽከረከርበት ቦታ ላይ መስመሩ ከጠፋ አልቋል። ፎሙ ጎን ላይ የተጨማደደ መስመር ካወጣና ስትጫነው ካልተመለሰም እንደዚያው። ሌላው ምልክት ጉልበትህ ነው፤ ልምምድህ ሳይለወጥ ከጨዋታ ማግስት ያልነበረ ሕመም ከመጣ ጫማውን ጠርጥረው። እሱን ቀይረህም ሕመሙ ከቀጠለ ግን የሐኪም እንጂ የጫማ ጥያቄ አይደለም።