ስለ ፑሽኪን «ፖልታቫ» የጠየቃችሁኝ

በዚህ ሰሞን ስለ ሩሲያዊው ገጣሚ ስለ ፑሽኪን ረጅም ግጥም ስለ «ፖልታቫ» ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ጥቂቶቹን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥ፦ ታሪኩ ባጭሩ ምንድን ነው?

መ፦ ግጥሙ በ1828 ተጽፎ በ1829 ታተመ። የኮሳኮች (የዩክሬን ፈረሰኛ ተዋጊዎች) አለቃ ማዜፓ ሸምግሏል። የወዳጁን የኮቹቤይን ልጅ ማሪያን ይወዳል፤ ያውም የክርስትና ልጁን! ወላጆቿ እምቢ ሲሉ ከሱ ጋር ትጠፋለች። አባት ቂም ይይዛል። ማዜፓ ከስዊድኑ ንጉሥ ከካርል 12ኛ ጋር እንደሚዶልት ጽፎ ለሩሲያው ንጉሥ ለታላቁ ጴጥሮስ ይልካል። ጥቆማውን ኮፍያው ውስጥ ሰፍቶ የሚጋልበውም ማሪያን የሚያፈቅር ወጣት ነው። ጴጥሮስ ግን አላመነም፤ ኮቹቤይን ለማዜፓ አሳልፎ ሰጠው።

ጥ፦ ወጣት ሴት ሽማግሌ እንዲህ ታፈቅራለች? አልተዋጠልኝም።

መ፦ የዘመኑ ሐያስያንም አልተዋጠላቸውም። ፑሽኪን ወጣቷ ዴዝዴሞና በዕድሜ የሚበልጣትን ሰው የምታፈቅርበትን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» ጠቅሶ መለሰላቸው። እኔን ያሳመነኝ ግን ሁለተኛው ክፍል ነው። ማዜፓ ማሪያን ከአባትሽና ከባልሽ ማን ይበልጥብሻል፣ አንዳችን መሞት ቢኖርብንስ ይላታል። ልጅቷ ትጨነቃለች፤ አትጠይቀኝ ትላለች። በመጨረሻ ላንተ ስል ሁሉን እሠዋለሁ ትለዋለች። እሱም «ያልሽውን አስታውሺ» ይላታል። አባቷ በማግስቱ እንደሚሰየፍ አታውቅም፤ እሱ ያውቃል። ሌሊት እናቷ ተደብቃ መጥታ ትቀሰቅሳታለች፤ ሁለቱ ሲደርሱ ሁሉም ነገር አልቋል። ጴጥሮስ ካርልንና ማዜፓን ድል ስላደረገበት ስለ ፖልታቫ ጦርነት የተጻፈው ድንቅ ነው፤ ይህን ግን አያክልም።

ጥ፦ ማዜፓን ያስከዳው ሥልጣን ብቻ ነው?

መ፦ ሥልጣንም ነው፣ ቂምም ነው። በግጥሙ ጴጥሮስ ግብዣ ላይ ሽበታም ሪዙን ጨምድዶ ዝቶበታል። ሰውዬው ይህን አልረሳም።

ጥ፦ እውነተኛ ታሪክ ነው?

መ፦ በከፊል። ኮቹቤይ የተገደለው በ1708፣ የፖልታቫ ጦርነት የተካሄደው በ1709 ነው። የልጅቷ ስም ግን ማትሪዮና ነበር፤ ማዜፓም ወደ ወላጆቿ መልሷታል። ፑሽኪን የሳለው ከሃዲ ነው፤ በዩክሬን ግን የማዜፓ ምስል 10 ህሪቭኒያ ገንዘብ ላይ ታትሟል። ኪየቭና ሞስኮ በሱ ጉዳይ አይስማሙም።

ጥ፦ ፑሽኪን «የኛ» ነው ይባላል። ግጥሙ ውስጥ ኢትዮጵያ አለች?

መ፦ የለችም። ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል አፍሪካዊ ነበር፤ ክርስትና ያነሳው ራሱ ጴጥሮስ ነው። የትውልድ ቦታው ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ፤ ገሚሱ ወደኛ አካባቢ፣ ገሚሱ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ ይላል። ፑሽኪን ጴጥሮስን እንዲህ ሲያገንነው የቤተሰቡ ውለታ አለበት ብዬ አስባለሁ።